የፍልፈሎቹ አሰልጣኝ፣ የንስሮቹ ክርስትና እናት

ሳን ኢሲድሮ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ለወንድሜ ለፊደንሲዮ፣

ቅዱሳችን ሳን ኢሲድሮ ጣራህን ከበረዶ፣ ጉልበትህን ከቁርጥማት ይጠብቅልህ። ባለቤትህና ልጆችህ እንዴት ናቸው? እኛ ከጉሙ በቀር ደህና ነን። ጉሙን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ በገና ሰሞን እንግዳ ሆኖ ይመጣና እንደ ባለቤት ተደላድሎ ይቀመጣል።

አሁን ቁጭ በልና አንብብ፤ ቆመው የሚሰሙት ወሬ አይደለም። አሰልጣኝ ሆኛለሁ። አዎ፣ እኔው ኦቲሊያ፣ በድንች የተሞላ ፓስቴ ጋግራ የምትሸጠዋ የአክስትህ ልጅ፣ የእግር ኳስ አሰልጣኝ። ሳቅህን ጨርስና ቀጥል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክርስትና አባትህ ዶን አቡንዲዮ እንደ ልማዱ ለቡድኑ ለንስሮች ልጅ ሊመርጥ ወጣ። ሕፃናቱን ሜዳ ላይ አሰልፎ እንደ በግ ነጋዴ ጀርባ ጀርባቸውን እየዳሰሰ፣ "አንተ ና፤ አንተ ሂድ፤ አንተ ደግሞ ቤትህ ገብተህ ለእናትህ ሽንኩርት ላጥላት" ይላል። የተባረሩት በሱቄ በር እያለቀሱ አለፉ። ጠራኋቸውና ትኩስ ፓስቴ አበላኋቸው። ድንቹ ምላሳቸውን እያቃጠላቸው እያለ፣ "ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጡ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ጠብቁኝ" አልኳቸው። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም አላውቅም። ስምም እዚያው አወጣሁላቸው፤ ፍልፈሎች። አባቶቻቸው ማዕድን ቆፋሪ አይደሉ? ንስር ከላይ ይንሳፈፍ፣ እኛ ከሥሩ እንቆፍርለታለን።

ለልጆቹ አዝነሽ ነው ትለኝ ይሆናል። አዝኛለሁ። ለአንተ ግን አልዋሽም፤ ሌላም ነገር አለኝ።

እናንተ ቺካጎዎች ቡድን ያለ ክርስትና እናት እንደምታጫውቱ ሰምቻለሁ። ልጅን ሳያስጠምቁ ማሳደግ ማለት ነው፤ ለእናንተ ትቻለሁ። እዚህ ግን ንስሮች የዛሬ ስድስት ዓመት እንደየዓመቱ ክርስትና ሲነሱ ክርስትና እናት እንድሆናቸው ዶን አቡንዲዮ እኔን ለመነኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ጥብጣብ ሰፋሁ። ፀጉሬን ፓቹካ ድረስ ሄጄ ተሠራሁ። ነጭ ግላዲዮላ ታቅፌ፣ ከተማው ሁሉ እያየኝ፣ መሃል ሜዳ ቆምኩ። የመጀመሪያዋን ኳስ ልመታ እግሬን ሳነሳ ዶን አቡንዲዮ መጣና፣ "ኦቲሊያ፣ ለደቂቃ አውሺኝ" ብሎ አበባውን ከእጄ ወሰደ። ዞር ስል ለፋርማሲስቱ ሚስት አስታቀፋት። ሴትዮዋ ለካ ማልያ እገዛለሁ ብላ ጠዋቱን ቃል ገብታለት ኖሯል። እኔ ያን ሁሉ ሜዳ ባዶ እጄን አቋርጬ ወጣሁ። ያቺ ደቂቃ እስከ ዛሬ አላለቀችም።

ለከተማው ሰው ስቄ አሳልፌዋለሁ። እንዳልወጣልኝ የምነግርህ ለአንተ ብቻ ነው።

የሳን ኢሲድሮ ዋንጫ ፍጻሜ እንደ ሁልጊዜው በቅዱሱ በዓል ቀን ነው። እዚያ ደርሼ፣ እሱ በጣላቸው ልጆች፣ በዚያው ሜዳ ላይ አፈር ላስበላው እፈልጋለሁ። አንተ ለልጆችህ ቡድን አሰልጣኝ ስለሆንክ እርዳኝ። ልጆቹን ሜዳውን አዙሬ አዙሬ አስሮጥኳቸው፤ አሰልፌ ተራ በተራ አስመታኋቸው፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩባቸው። ሰልፉ ውስጥ ሁለቱ ተደባደቡ፣ አንዱ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። ከፓቹካ የሚሰማ ፊሽካ ላክልኝ።

የምትወድህ እህትህ፣
ኦቲሊያ


ቺካጎ፣ ማርች 2 ቀን 1997

ለእትዬ ኦቲሊያ፣

ምድጃሽ አይብረድ፣ እጅሽ አይድከም። እኛ በሕይወት አለን። መልሴ የዘገየው በብርዱ ምክንያት ነው፤ የሰው ማሞቂያ ስጠግን እየዋልኩ የራሴ ቤት ቀዝቅዟል።

ፊሽካ አልላክሁልሽም። በፊሽካው ፈንታ አንድ ከረጢት ከረሜላ ልኬልሻለሁ። ለልጆቹ እንዳይመስልሽ፣ ላንቺ ነው። ጨዋታው ሲጀመር አንዱን አፍሽ ውስጥ ክተቺ፣ አትቆርጥሚው። ከረሜላ የያዘ አፍ አይጮህም። እኔ ሞክሬው አንድ ቀን ታንቄ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ዝም ማለት ለመድኩ።

ሰልፍ አታሰልፊ። ሰልፍ ለዳቦ ቤት ነው፤ ተሰልፎ የቆመ ልጅ መጠበቅን እንጂ ኳስን አይማርም። ሜዳውን ቆራርጪና ሦስት ለሦስት አጫውቻቸው፣ ድንጋዩ ጎል ይሁን። ያኔ ሁሉም ኳስ ይነካል፣ የሚደበቅበትም ጀርባ አያገኝም። በሩጫ አትቅጪ። ልጅ የተቀጣበትን ነገር ይጠላል፤ ይሄ ጨዋታ ደግሞ ከሩጫ ሌላ ምን አለው?

ሁሉም እኩል ይግቡ። ደካማውን ልጅ ጨዋታው ሲያልቅ ለይስሙላ አታስገቢው፣ እሱም ያውቅብሻል። ወላጆቹንም ሰብስቢና ማጨብጨብ እንደሚቻል፣ ማዘዝ ግን እንደማይቻል ንገሪያቸው።

ከሁሉ የሚከብድሽን ወደ መጨረሻ አመጣሁት። ልጁ ሲሳሳት መልሱን አትንገሪው። "ምን አየህ?" ብለሽ ጠይቂና ጠብቂ። እስኪመልስ ድረስ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ። ይኼ ለማንም አስቸጋሪ ነው፤ ላንቺ ደግሞ... ለዚህ ነው ከረሜላውን ያበዛሁት።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የምትፈልጊው ልጆቹ እንዲጫወቱ ነው ወይስ ዶን አቡንዲዮ እንዲያለቅስ? ሁለቱ በአንድ ሜዳ ላይ የሚስማሙ አይመስለኝም።

ስለ አበባው አላውቅም ነበር።

ወንድምሽ ፊደንሲዮ


ሳን ኢሲድሮ፣ ማርች 23 ቀን 1997

ለወንድሜ ለፊደንሲዮ፣

ከረሜላውን የላከች እጅህ ትባረክ፤ ጥርሴን ግን ጨረሰችው። ለጥያቄህ መልሴ አጭር ነው፤ ሁለቱንም እፈልጋለሁ።

ምን ልንገርህ፣ ያልከው ሁሉ ይሠራል። ሰልፉን ተውኩት። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ድንጋይ በድንጋይ አድርጌ ሜዳውን እንደ ብስኩት ቆራረጥኩት። የሚተኛው ልጅ ነቃ፤ ለካ የሰለቸው እሱ ነበር። ሁለቱ ተደባዳቢዎች አሁንም ይደባደባሉ፣ ግን ኳስ እያሳደዱ ነው።

ጥያቄው ደግሞ እንዴት ያለ ጉድ ነው። ቹይ የሚባል ወፍራም ልጅ አለኝ፣ ዶን አቡንዲዮ "ሽንኩርት ላጥ" ያለው እሱን ነው። ኳሷን ይዞ ሦስት ልጆች መሃል ገባና ተቀማ። ጠራሁት።

"ቹይ፣ ምን አየህ?"

"ኳሷን።"

"ሌላስ?"

"ሳር።"

ከረሜላዬን ወዲያ ወዲህ እያገላበጥኩ ጠበቅኩ። ማርያም ታውቃለች፣ ልፈነዳ ነበር። ጫማውን እያየ፣ "ፋቢ ብቻዋን ቆማ ነበር" አለኝ።

"ታዲያ?"

"ልሰጣት ነበር። ግን ትናንት እርሳሴን ወስዳብኛለች።"

እኔም ቂም የማውቅ ሴት ነኝና ነገሩ ገባኝ። "ልክ ነህ" አልኩት። "እርሳሱን በኋላ፣ ኳሱን አሁን።" ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ሲጣሉ እርስ በርሳቸው ይቺኑ ይባባላሉ።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸማቀው ደበደቡን። ሁለተኛውን እኩል ወጣን። ያለፈውን እሁድ አሸነፍን፤ የቹይ አባት ሊጮህ አፉን ሲከፍት ከረሜላ ወረወርኩለት። ወላጆቹ ሁሉ አሁን ጉንጫቸውን አሳብጠው ነው የሚያዩት፤ አላፊ አግዳሚው የጥርስ ሕመም የገባ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሌላ ከረጢት ላክ።

ዶን አቡንዲዮም ስንለማመድ አጥሩን ተደግፎ አየን። "ኦቲሊያ፣ ይኼ ኳስ ነው ወይስ የሕፃናት መዋያ ከፈትሽ?" አለኝ።

"መዋያ ነው ዶን አቡንዲዮ። ሕፃን ደግሞ ሲውል ሲያድር ጥርስ ያወጣል።"

"ሲነክሱ ጥሪኝ" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

እሠራለታለሁ። አሁን የምለምንህ ነገር ከረሜላ አይደለም። አንተ ያደግከው በንስሮች ማልያ ነው። ድክመታቸው ምን ላይ ነው? ክርስትና አባትህ የሚፈራው ምንድነው? ጻፍልኝ። ለማንም አልናገርም።

እህትህ ኦቲሊያ


ቺካጎ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1997

ለእትዬ ኦቲሊያ፣

በያለሽበት ሰላም ይክበብሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ፤ እስክሪብቶውን አንስቼ ስመልስ ነው የከረምኩት። ከረሜላውን ለብቻው ልኬዋለሁ።

የለመንሽኝን አልጽፍልሽም። ክርስትና አባቴ ነው። አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀር ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው። በስሙ ቀን፣ ስሙን የወሰደበት ቅዱስ በሚታሰብበት፣ በየዓመቱ እደውልለታለሁ፤ ዘንድሮም ደውዬ ብዙ አወራን።

ስለ ራሴ ግን ልንገርሽ። ለንስሮች እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ተጫውቻለሁ፤ ጎበዝ ነበርኩ ይባላል። ቺካጎ መጥቼ የሰፈር ቡድን ስገባ አሰልጣኙ ዝምተኛ ሰው ነበር። ኳሷ እግሬ ሥር ስትደርስ ዞር ብዬ ወደ ወንበሩ አየሁ። ምንም አላለኝም። እንደገና አየሁ። በኋላ ጠርቶ፣ "ምን ትጠብቃለህ?" አለኝ። እግሬ የራሴ ሆኖ ጭንቅላቱ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ነበርኩ። ያንን ለመርሳት ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰለሽ።

ይኼን እንደ ሚስጥር አትያዥው። እንዲያው ስለ ልጅነቴ ትዝ ብሎኝ ነው።

ወንድምሽ ፊደንሲዮ


ሳን ኢሲድሮ፣ ሜይ 11 ቀን 1997

ፊደንሲዮ፣

ፍጻሜ ደረስን። ፍልፈሎችና ንስሮች። ይኼን ብቻ ጽፌ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ግን ሌላ ጉድ መጥቷል።

ትናንት ገበያተኛ በሞላበት ሰዓት ዶን አቡንዲዮ ሚስቱን ዶኛ ኩካን አስከትሎ ሱቄ ገባ። እሱ ባርኔጣውን አውልቋል፣ እሷ ጣፋጭ ዳቦ በመሶብ ይዛለች። አመጣጡ የአበልጅነት ልመና መሆኑን ማንም ያውቃል።

"ዶኛ ኦቲሊያ፣ በበዓሉ ቀን ንስሮችን ክርስትና ያነሱልን ዘንድ ልንለምንዎት መጥተናል" አለ። አየህ፣ አንቺ ሲለኝ ኖሮ በአንድ ጀምበር አንቱ ሆንኩ።

ሊጥ የነካውን እጄን በሽርጤ ጠረግኩ። ክርስትና እናት ማለት ጥብጣባቸውን አስራ፣ ዳሳቸው ሥር ተቀምጣ፣ ጎል ላገባላቸው ልጅ ግንባሩን የምትስም ናት። ከወዲያ ማዶ ላለ ቡድን በምልክት እንኳ ብትናገር ነውር ነው። ጠላቴ ከልጆቼ ሊለየኝ ወንበር ይዞልኝ መጣ ማለት ነው፤ ያውም ስድስት ዓመት የተመኘሁትን ወንበር። እምቢ እንዳልል ደግሞ አያቶቻችን ያሉትን ታውቃለህ፤ አበልጅነት እምቢ ያለን ቤት በረዶ ይመታዋል። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አፌን ያያል።

"እሺ" አልኩ።

"እንግዲህ አበልጅ ባበልጁ ላይ አይጨክንም" አለ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ "ለዚያን ጊዜው አበባም ካሣ ይሁንልኝ" አለኝ።

በፍልፈሎች ወንበር ላይ አበልጄ ቼላ ትቀመጣለች። ቼላ ስለ ኳስ የምታውቀው ክብ መሆኑን ነው። ውኃ ስጪ፣ ተራቸው ሲደርስ አስገቢ፣ ከዚያ በቀር አፍሽን ዝጊ ብያታለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶልኛል። ክርስትና እናት በዕለቱ አንድ ነገር ብትለምን አትከለከልም። ሌሎቹ ሴቶች ከባንዱ ዘፈን ነው የሚለምኑት፣ ወይ ከአሰልጣኙ ጋር አንድ ዙር ጭፈራ። እኔ ምን እንደምለምን እያሰብኩ ነው።

አሁን አንተን ልጠይቅህ። አበባው እስካሁን እንደሚያንገበግበኝ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቺካጎ ማሞቂያ ይጠግናል። በስሙ ቀን ብዙ አወራን ብለኸኛል። ምን አወራችሁ?

ይኼ ደብዳቤ ከፍጻሜው በፊት እንደማይደርስህ አውቃለሁ። ሰላምታውን በሌላ ጊዜ አደርሰዋለሁ።

ኦቲሊያ


ሳን ኢሲድሮ፣ ሜይ 18 ቀን 1997

ለወንድሜ ለፊደንሲዮ፣

በባለፈው ያስቀረሁብህን ሰላምታ ከነወለዱ ተቀበል። ቤትህ ይሙቅ፣ ልጆችህ ይደጉ። ሳቄ ስለማያስጽፈኝ ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅር በለኝ።

በበዓሉ ቀን ጉሙ እንኳ ለጨዋታው ብሎ ተነሳ። ጥብጣቡን አሰርኩ፤ ነጭ ግላዲዮላ ታቀፍኩ፤ መሃል ሜዳ ወጥቼ የመጀመሪያዋን ኳስ መታሁ። በዚህኛው ጊዜ ማንም አልነጠቀኝም። ከዚያ በንስሮች ዳስ ሥር ተቀመጥኩ። ፍልፈሎቼ ከወዲያ ማዶ እንደ ባዕድ አዩኝ። ከረሜላዬን ጎረስኩ።

ዶን አቡንዲዮ ጀመረ። "ሊኖ ግራ። ሊኖ ተመለስ። ምታ እንጂ። ማን ምታ አለህ?" ሊኖ አጥቂያቸው ነው፣ እግሩ እንደ ፍየል የፈጠነ ልጅ። ግን ኳሷ በደረሰችው ቁጥር አንገቱ ወደ ዳሳችን ይዞራል። እሱ አንገቱን አዙሮ ሲመለስ ፋቢ ኳሷን ይዛ ሄዳለች። ደብዳቤህ ትዝ አለኝ፤ ያ ከኋላ የተቀመጠው ጭንቅላት እኮ ከጎኔ ቆሞ ምራቁን ይረጭብኛል። እኔ የማልናገራቸው ፍልፈሎች ደግሞ እርስ በርሳቸው እየተጠራሩ ይጫወታሉ። ቼላ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። አንዱን ፋቢ አገባች፤ ሁለተኛውን ራሱ ቹይ፣ ሽንኩርት ላጩ። ሁለት ለዜሮ ሆነን እረፍት ወጣን።

ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ዋንጫው የእኔ ነበር። ግን ጠገብኩ ልል አልቻልኩም። እሱ እየጮኸ ቢሸነፍ በልጆቹ ስንፍና ያላክከዋል እንጂ ራሱን አይነካውም። እኔ የፈለግኩት ከተማው ሁሉ እሱን እንዲያይ ነበር።

"ዶን አቡንዲዮ፣ ልመናዬን አሁን ልለምን" አልኩ፣ ሰው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

"ባንዱ ዝግጁ ነው አበልጄ። የትኛውን ዘፈን?"

"ዘፈን አይደለም። እስከ ጨዋታው መጨረሻ ከጎኔ ይቀመጡ፣ አንድ ቃልም አይናገሩ። ይኼን ደግሞ" አልኩና ግላዲዮላውን ክንዱ ላይ አጋደምኩለት፣ "ለደቂቃ ይያዙልኝ።"

ፊቱን ባየህ። መጀመሪያ ያልገባው መሰለ፤ ቀጥሎ ጆሮው ቀላ። "ኦቲሊያ፣ ቀልዱን ተዪ፣ የፍጻሜ ጨዋታ ነው" አለ፤ አንቱታው እዚያው በነነ።

ዶኛ ኩካ ናት የፈረደችው። "አቡንዲዮ፣ ተቀመጥ" አለችው። "ክርስትና እናት ናት የለመነችህ። ዘፈን ቢሆን ታዘፍን አልነበር?"

ተቀመጠ። እኔም የሚረዳው ነገር አላጣሁም፤ ከረሜላ ልጬ ሰጠሁት።

ጨዋታው ቀጠለ። ሊኖ ኳስ ያዘና እንደ ልማዱ ወደ ዳሱ ዞረ። አሰልጣኙ አበባ ታቅፎ፣ ጉንጩ አብጦ ያየዋል። ኳሷን ተቀማ። እንደገና ዞረ፣ ያው ነው። ንስሮች በአንድ ጊዜ ብርሃን እንደጠፋበት ቤት ሆኑ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ቹይ ሦስተኛውን ሊያገባ ብረቱ መለሰበት። እኔ በሆዴ፣ ይኸው፣ ጠጣት፣ እላለሁ።

ከዚያ ሊኖ ለሦስተኛ ጊዜ ዞሮ አየና ትከሻውን ሰበቀ። ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰና፣ "ጎዮ፣ ወደኔ" ብሎ ጓደኛውን ጠራ። ጎዮ ሰጠው። ሌላውም፣ "እዚህ ነኝ" አለ። የንስሮችን ልጆች ድምፅ ያን ቀን ገና ሰማሁት፤ ከዚያ በፊት የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነበራቸው። መጠራራት፣ መሳቅ ጀመሩ። ያ ፍየል የመሰለ እግር ጭንቅላት ሲጨመርበት ማን ይይዘዋል? አገባ። ሮጦ መጥቶ በዶን አቡንዲዮ ፊት አለፈና ግንባሩን ለእኔ ሰጠኝ። ሳምኩት፤ ምን ላድርግ፣ ክርስትና ልጄ ነው። ጥቂት ቆይቶ ጎዮ መጣ፣ ሳምኩት። ሊያልቅ ሲል ሊኖ ደገመ። ሦስት ለሁለት።

ደሜ ፈላ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ከረሜላዬ፣ ዋንጫዬን አሳልፌ ሰጠሁ። አንተ ለእኔ ያስተማርከኝን እኔ ለጠላቴ ልጆች በአንድ ልመና ሰጠኋቸው። ልነሳና ጥብጣቡን በጥሼ ልሄድ ነበር። ያን ጊዜ ነው ወደ ጎን ያየሁት።

ቡድኑ አሸንፏል፣ እሱ ግን አልተነሳም። አበባውን እንደታቀፈ ነው። ልጆቹ ሜዳ ላይ ተከምረው ይንከባለላሉ፤ እሱን የፈለገ አልነበረም። እኔን ሳያየኝ፣ በከረሜላው አፉ፣ "እንዲህ መጫወት ማን አስተማራቸው?" አለኝ።

"ማንም" አልኩት። "እርስዎ ዝም አሉ እንጂ።"

ፊደንሲዮ፣ ሁለት ለዜሮ ባሸንፈው ኖሮ ይኼን ፊት አላገኘውም ነበር። መሸነፍ ለሰው ሁሉ ይደርሳል፤ በዳኛ ይላከካል፣ በጭቃ ይላከካል። ያለ እሱ ማሸነፋቸውን በማን ያላክከው? ዋንጫውን ሲያስረክቡት እንደ ትኩስ ምጣድ ይዞ ወዲያው ለሊኖ አሳለፈው። የሊኖ እናት ደግሞ ያን ሁሉ ሰው እያሰማች፣ "ዶን አቡንዲዮ፣ ለሚቀጥለው እሁድም አበባ እንግዛልዎ?" አለችው። አሁን በከተማው ስሙ አበባ ያዡ ሆኗል። ዳቦ ሊገዛ ሲገባ ሻጩ፣ "በአንድ እጅ ይቻልዎታል?" ይለዋል።

በፍልፈሎቼ በኩል ግን ጉድ ፈላብኝ። ያለቀሱት ካለቀሱ በኋላ ለሁለቱም ቡድን ፓስቴ አደላሁ። ቹይ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"አሰልጣኝ፣ ለምን ዝም አስባልሽው?"

"ለምን ትለኛለህ?"

"ከሁሉ በላይ ለእኛ የተጫወተልን እሱ ነበር እኮ። ሲጮህ ሊኖ ይዞር ነበር።" ፓስቴውን ገመጠና አሰበ። "እርሳሱን በኋላ አላልሽም ነበር?"

ሁለተኛ ፓስቴ ሰጠሁት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ዶን አቡንዲዮ አበባውን ሲመልስልኝ፣ "የፊደንሲዮን ምክር ሰምቼ ይኸው ተዋረድኩ" አለ። አበባዋን መልስላት፣ ክርስትና እናት አድርጋትና ታረቁ ብለኸው ኖሯል። አንተ ለእርቅ ስትለው እሱ ወጥመድ አደረገው፤ እኔ ደግሞ ወጥመዱን ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩበት። ግን በፖስታ ያመንኩህን በስልክ አውጥተሃል፤ እኔ ደግሞ አልረሳም።

ስለዚህ ቅጣትህን ስማ። ፍልፈሎች የሚቀጥለው ዓመት ክርስትና አባታቸው እንድትሆን በአንድ ድምፅ መርጠውሃል። በፖስታ አይሆንም። በአካል መጥተህ ጥብጣቡን አስረህ ኳሷን ትመታለህ። በየዓመቱ "በሚመጣው" እያልክ የሸወድከኝ ይበቃል። እምቢ ያለን በረዶ እንደሚመታው አልነግርህም፤ እናንተ ጋ እንደሆነ በረዶ አይጠፋም።

ደስ ያላት እህትህ፣
ኦቲሊያ


ቺካጎ፣ ጁን 8 ቀን 1997

ለእትዬ ኦቲሊያ፣

ክርስትና ልጆችሽ ይብዙ። ደብዳቤሽን ሥራ ላይ፣ ከሰው ማሞቂያ ሥር ተኝቼ አነበብኩት፤ የቤቱ ባለቤት ሳቄን ሰምታ ጋዝ የፈሰሰ መስሏት መስኮት ከፈተች።

ስለ ስልኩ የምከራከረው የለኝም። ይቅርታ እንዲጠይቅሽ ብዬ ነው የነገርኩት። ያን ቀን በእኔም አፍ ውስጥ ከረሜላ አልነበረም።

እመጣለሁ። ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ዘንድሮ "በሚመጣው" የለም። ልመናዬ አንድ ነው፣ አበባ እንዳታስይዥኝ።

አሁን ደግሞ የማላውቀው ነገር ገጥሞኝ ምክርሽን ፈለግኩ። ዶን አቡንዲዮ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ በሕይወቱ ለእኔ ሲጽፍ ይኼ የመጀመሪያው ነው። እንዴት ነህ እንኳ አይልም። "ያቺ ሴት የሰጠችኝ ከረሜላ የት ይሸጣል? እዚህ የሚሸጠው ጨዋታው ሳያልቅ አፍ ውስጥ ያልቃል" ይላል፤ በቃ ይኸው ነው። ልላክለት ወይስ ልተወው? ነገሩ ያንቺ ነው፣ አንቺው ፍረጂ።

ወንድምሽ ፊደንሲዮ


ሳን ኢሲድሮ፣ ጁን 22 ቀን 1997

ለፍልፈሎች ክርስትና አባት፣

ላክለት። የሎሚውን ግን፣ ያንን ዓይን የሚያስጨፍነውን።

ኦቲሊያ